ሙምባይ፦ ባሕሩ የሚወስደውና የሚመልሰው ጭስ

ሙምባይን በሦስት በኩል ውኃ ይከባታል፤ በምዕራብና በደቡብ የዓረብ ባሕር፣ በምሥራቅ ወደቡና የታኔ ሰርጥ። ድሮ ሰባት ደሴቶች ነበሩ፤ መሀላቸው ያለው ባሕር በአፈርና በድንጋይ እየተሞላ አንድ መሬት ሆኑ። ዛሬ ከነዳርቻዋ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይኖርባታል። ስለ ሕንድ የአየር ብክለት ሲወራ ቀድሞ የሚነሣው የደልሂ ስም ነው፤ ሙምባዮች ባሕሩ ያጸዳልናል ብለው ለብዙ ዘመን ተኝተው አድረዋል። እምነቱ ግማሹ እውነት ነው። ግማሽ ብቻ መሆኑ የሚታወቀው ጥቅምት ሲጠባ ነው።

ከእውነቱ እንጀምር። ዝናቡ የሚገባው በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 4 ገደማ፣ የሚወጣውም መስከረም ማብቂያ ላይ ነው፤ ከእኛው ክረምት ጋር ማለት ይቻላል። ነፋሱም ቢሆን የጎረቤታችን ነው፤ ከምድር ወገብ ደቡብ ተነሥቶ በኬንያ በኩል ይሻገርና የሶማሊያን ጠረፍ ታክኮ ወደ ሕንድ ይታጠፋል። በእነዚህ አራት ወራት ሙምባይ ላይ ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ከምታገኘው እጥፍ ገደማ። ዝናቡ ብናኙን ያጥበዋል፣ አቧራውን ያስተኛዋል፣ ብርቱው የባሕር ነፋስ ደግሞ ጭሱን ወደ መሀል አገር ይነዳዋል። ልብ በሉ፤ በክረምት የነዳጅ ማጣሪያው አይዘጋም፣ መኪናውም አይቆምም። የሚጨሰው ያው ነው፤ የሚወስደው ግን አለ።

በጋ ሲገባ ወሳጁ ይደክማል። የብስ ከውኃ ይልቅ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎም ይቀዘቅዛል። ቀን ምድሩ ሲግል አየሩ ወደ ላይ ይነሣና በቦታው ቀዝቀዝ ያለው የባሕር ነፋስ ይገባል፤ ማታ ነፋሱ ዞሮ ከየብስ ወደ ባሕር ይነፍሳል። በታኅሣሥና በጥር ታዲያ የማታው ነፋስ ደካማ ነው፤ ጭሱን ከጠረፉ ብዙም ሳያርቀው ይነጋል። የባሕሩም ነፋስ አርፍዶ ይመጣና ያንኑ ጭስ መልሶ ከተማዋ ላይ ይደፋዋል። ሌሊቱን ደግሞ ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ይቀዘቅዝና ሞቃቱ ከላይ ይቀመጥበታል። ምጣድ ላይ አክንባሎ እንደ መክደን ነው፤ ታች ያለው መውጫ አጥቶ እዚያው ይታፈናል። በበጋ ማለዳ ከእንጦጦ ላይ ሆኖ አዲስ አበባን ቁልቁል ያየ ሰው ይህን ክዳን ያውቀዋል።

እንግዳም አለ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 ከፓኪስታን በኩል የተነሣ የአቧራ ማዕበል ባሕሩን ተሻግሮ ሲደርስ፣ ደጅ ያደሩ መኪናዎች ዱቄት የተነሰነሰባቸው መስለው ተገኙ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የባሰ መጣ። ላ ኒና የሚባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ መቀዝቀዝ ሦስተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር፤ በነፋሱ ላይ ያመጣውን ለውጥ አጥኚዎች ከሙምባይ አየር መበላሸት ጋር ያያይዙታል። በአንዳንድ ቀናት ከተማዋ ከደልሂም ብሳ ተገኘች። ይህ ማብራሪያ ስሕተት የለበትም፤ ለባለሥልጣን ግን ከመጠን በላይ ይመቻል። ነፋስ አይከሰስም።

የሚከሰሰው ከታች ያለው ነው። ዴኦናር የሚባለው የቆሻሻ ክምር እ.ኤ.አ. ከ1927 ጀምሮ ሲደፋበት የኖረ ነው፤ በጃንዋሪ 2016 ሲቃጠል ጭሱ ለቀናት ሰፈሩን ሸፍኖ ትምህርት ቤት አዘግቷል። እሳቱ የተነሣው ክዳኑ በሚከብድበት ወር መሆኑን አትርሱ። በ2023 መኸር ደግሞ የቦምቤይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን በራሱ አነሣሽነት ያዘ፤ ማዘጋጃ ቤቱም የሚገነቡ ሕንፃዎች በረጅም ቆርቆሮ እንዲታጠሩና ውኃ እንዲረጭባቸው አዘዘ። ለዲዋሊ በዓል የርችት ሰዓት ተገደበ። እኛም ኅዳርን የምናጥነው በደረቁ ወር ነው።

ቁጥሩም ወቅቱን ይደብቃል። ሕንድ ለደቃቁ ብናኝ ያስቀመጠችው የዓመት ጣሪያ በሜትር ኩብ 40 ማይክሮግራም ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ያወጣው 5። የዓመት አማካይ ሲወጣ በዝናብ የታጠቡት አራት ወራት ከበጋው ጋር ይደባለቁና የጥርን አየር ያሳምሩታል። በጥር የሚያስል ሕፃን ግን አማካይ አይተነፍስም።

በጃንዋሪ 2025 ፍርድ ቤቱ በእንጨት የሚሠሩ ዳቦ ቤቶች በስድስት ወር ውስጥ ወደ ጋዝ ወይም ወደ ሌላ ንጹሕ ማገዶ እንዲዞሩ አዘዘ። ሙምባይ ያለ ፓቭ፣ ያለዚያ ትንሽ ለስላሳ ዳቦ፣ አትውልም። ከምድጃው ብዙ ጊዜ ይገባ የነበረው የተሰባበረ የቤት ዕቃ እንጨት ነው፤ ርካሽ ነዋ፣ ከነቀለሙና ከነቫርኒሹ ይነድ ነበር። የቁርሱ ፓቭ የሚጋገረው ደግሞ ገና ሳይነጋ፣ የባሕሩ ነፋስ ሳይመጣ፣ ክዳኑ ድፍን ብሎ ባለበት ሰዓት ነው።