«ስብ»፣ «ቅባት»፣ «ሞራ»፦ የዕጢ ሕዋስ ሽፋንን ስለሚመለከቱ ቃላት

የካንሰር ሕክምና በዕጢ ሕዋስ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ሲተረጎም፣ የተርጓሚው ትኩረት ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በዲ.ኤን.ኤ. ላይ ነው። ሕዋሱን ከውጭ የሚከልለው ስስ ሽፋንና ሽፋኑ የተሠራባቸው ቅባታማ ነገሮች ግን «ስብ» በምትባል አንዲት ቃል ይታለፋሉ። ቃሊቱ ይህን ሸክም አትችለውም።

ጉዳዩ የመዝገበ ቃላት ጥራት ብቻ አይደለም። በጋምቤላ ክልል አማርኛ የሥራ ቋንቋ ሲሆን፣ ኑዌርኛ፣ አኝዋክኛና ማጃንግኛን የመሳሰሉት የነዋሪዎቹ አፍ መፍቻ ቋንቋዎች ናቸው። በ2006 ዓ.ም. በተከፈተው በትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያም አብዛኞቹ ከደቡብ ሱዳን የመጡ የኑዌርኛ ተናጋሪዎች ናቸው። የጨረር ሕክምና የሚያስፈልገው በሽተኛ ከክልሉ ወጥቶ ወደ ጅማ ወይም አዲስ አበባ ወደሚገኘው ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል መሄድ ግድ ይሆንበታል። እዚያም የእንግሊዝኛው ቃል በአማርኛ በኩል አልፎ ወደ ኑዌርኛ ይሻገራል፤ በመካከለኛው ጣቢያ የተበላሸ ቃል እንደ ተበላሸ ይደርሳል። ሐኪሙ «ሕክምናው ስቡን ያጠቃል» ቢል፣ ሰሚው ቅቤና ወተት እንዲተው የታዘዘ ሊመስለው ይችላል። ኑሮው በከብት ለሆነ፣ ሰውነቱም ለደከመ ሰው ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም። («ነቀርሳ» የሚለው ቃል ያመጣውን ችግር ልብ ይሏል፤ «የሳምባ ነቀርሳ» ቲቢን እንጂ ካንሰርን አያመለክትም። ስለዚህ «የሳምባ ካንሰር» ማለት ግድ ሆኗል።)

ነገሩን ከመሰየም በፊት ማወቅ ይገባል። የሕዋስ ሽፋን በሁለት ረድፍ የተደረደሩ ሞለኪውሎች ንጣፍ መሆኑን የደች ተመራማሪዎቹ ጎርተርና ግሬንደል እ.ኤ.አ. በ1925 አመለከቱ። የእያንዳንዱ ሞለኪውል ራስ ውሃን ይወዳል፣ ጭራው ውሃን ይሸሻል። ሲንገርና ኒኮልሰን እ.ኤ.አ. በ1972 እንዳስረዱት ደግሞ ንጣፉ ግትር ግድግዳ ሳይሆን ፕሮቲኖች የሚንሳፈፉበት ፈሳሽ መሰል ነገር ነው። ፈሳሽነቱ በአብዛኛው የሚወሰነው በጭራዎቹ ዓይነት ነው። ልዩነቱን ለመረዳት ከማጀት ርቆ መሄድ አያስፈልግም፤ በብርድ ጊዜ ቅቤ ይረጋል፣ የኑግ ዘይት ግን አይረጋም። የማይረጋው ዓይነት ሽፋኑን ያላላዋል፤ በአንጻሩ ለጥቃት ያጋልጠዋል።

ጥቃቱ እንዲህ ነው። ጨረር በሕዋስ ውስጥ ያለውን ውሃ ሲመታ ተናካሽ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ፤ እነዚህም ዘይት መሰሎቹን ጭራዎች ከኦክሲጅን ጋር እያጣመሩ በሰንሰለት ያበላሿቸዋል። ዘይት ከርሞ ሲከረፋ የሚደርስበት ለውጥ በመሠረቱ ይኸው ነው። ብልሽቱ ሲበዛና ሕዋሱ መጠገን ሲሳነው፣ ብረት የሚያግዘው የሞት ዓይነት ይከተላል፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2012 ፌሮፕቶሲስ ተባለ። ጨረር ከዚህ ሌላ ከሽፋኑ ቅባቶች አንዱን ወደ ሴራማይድ እንዲለወጥ በማድረግ ሕዋሱን ወደ ሞት ሊገፋው ይችላል። ዕጢውም እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። አንዳንድ የዕጢ ሕዋሳት የሚረጋውን ዓይነት ራሳቸው እያመረቱ ሽፋናቸውን ከኑግ ዘይት ይልቅ ወደ ቅቤ ያስጠጉታል፤ በዚህም ብልሽቱን ይቋቋማሉ። አንባቢ ይህን የሚያስተውለው ግን ትርጉሙ ሁለቱን ዓይነቶች በአንድ «ስብ» ካልደባለቃቸው ነው።

አሁን ወደ ቃላቱ። «ስብ» በሰውነት የተከማቸውን ወይም ከሥጋ ጋር የሚበላውን ያስታውሳል፤ «ጮማ»ም ከገበታ አይርቅም። «ቅባት» ሰፋ ይላል፤ ነገር ግን በሕክምና ቤት የሚቀባ መድኃኒትን ያሳስባል። ከሁሉ የሚያጓጓው «ሞራ» ነው። የከብትን ሆድ ዕቃ የሚሸፍን፣ ስብም ስስ ሽፋንም የሆነ ነገር ነውና፣ ፅንሰ ሐሳቡን በአንድ ቃል የያዘ ይመስላል። ይሁንና «የዓይን ሞራ» በበሽታ ስምነት ጸንቷል፤ «ሞራ ገላጭ»ም የጠንቋይ ሙያ ነው። ለካንሰር በሽተኛ ገና ያልተነገረ ትንቢት የሚያሸት ቃል ማቅረብ ደግ አይሆንም። ስለዚህ ሞራ ለማስረጃ ምሳሌነት እንጂ ለስያሜ ባይመረጥ እመርጣለሁ። ለጠቅላላው ወገን «ሊፒድ» ይግባ፤ «ቫይታሚን»ም በዚሁ መንገድ ገብቶ ለምዷል። «ስብ» ለተከማቸው ብቻ ይቆይ።

ለጭራዎቹ ዓይነት ኬሚስቱ «ሙሌት» እና «ኢሙሌት» ቢል ተገቢ ነው፤ ሃይድሮጂን መሙላትን አለመሙላትን ይናገራልና። በሕክምና ክፍል ግን «የሚረጋ» እና «የማይረጋ» ይበልጣል፤ ወደ ሦስተኛ ቋንቋ ሲሻገርም የሚታይ ነገር ይዞ ይሻገራል። ለብልሽቱ «መክረፋት» ይበቃል።

የእነዚህ ስያሜዎች ጥቅም በካንሰር ብቻ አይወሰንም። ሚልቴፎሲን የተባለው መድኃኒት የሽፋን ሊፒዶችን የሚመስል ሞለኪውል ሲሆን፣ በመጀመሪያ የተሠራው ለካንሰር ነበር፤ ወደ ቆዳ ለተዛመተ የጡት ካንሰርም ይቀባ ነበር። በኋላ ግን ለካላዛር ዋለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ኤች.አይ.ቪ. ላለባቸው የምሥራቅ አፍሪካ የካላዛር ሕሙማን ከሊፖሶማል አምፎቴሪሲን ቢ ጋር እንዲሰጥ መክሯል። ካላዛር ደቡብ ሱዳንን ክፉኛ ያጠቃ በሽታ እንደ መሆኑ፣ ስለ ሕዋስ ሽፋን ሊፒድ የሚናገር ማብራሪያ ከካንሰር ክፍል ቀድሞ በመጠለያ ጣቢያ ጤና ኬላ ሊያስፈልግ ይችላል።