አስምን የሚያረግበው መድኃኒት ድምፅን ሲያሻክር

በኢትዮጵያ ዶፍ ዝናብ በሚወርድባቸው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት፣ ጆሃንስበርግ በደረቅ ክረምት ውስጥ ትሆናለች። ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኘው ከተማ ሌሊቷ ይቀዘቅዛል፤ ከ1886 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወርቅ ሲወጣባቸው ከኖሩት ማዕድናት የተረፈው የአፈር ክምር በነፋስ አቧራ ይሆናል። ጸደይ ሲገባ ደግሞ የዛፍና የሣር አበባ ብናኝ ይተካል። አስም ወይም አለርጂ ላለበት ሰው ይህ ሁሉ ፈተና ነው።

በመሀል ከተማዋ፣ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች በብዛት በሚሠሩበት በተለምዶ ጄፒ በሚባለው አካባቢ፣ ድምፅ የሥራ መሣሪያ ነው፤ ደንበኛ የሚጠራው፣ ዋጋ የሚደራደረው በድምፅ ነውና። ለመምህር፣ ለሰባኪና ለዘማሪም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ትንፋሽን የሚያቀናው መድኃኒት ድምፅን ሊያሻክር መቻሉ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ድምፅ የሚፈጠረው በማንቁርት ውስጥ ባሉ ሁለት የድምፅ አውታሮች ነው። አንድ ሰው ሲናገር አውታሮቹ እየተገናኙና እየተላቀቁ ይርገበገባሉ፤ በወንድ በሰከንድ ከ100 ጊዜ በላይ፣ በሴት ደግሞ ወደ 200 ጊዜ ገደማ። ይህን ያለ ጉዳት ለማድረግ በስስ እርጥበት መሸፈንና በእኩል መገጣጠም ይኖርባቸዋል። የአስምና የአለርጂ መድኃኒቶች የሚነኩት እነዚህን ሁለት ነገሮች ነው።

በትንፋሽ የሚሳበው ቤክሎሜታሶን የተሰኘው ኮርቲኮስቴሮይድ በ1972 እ.ኤ.አ. ለሕክምና መዋሉ በአስም ታሪክ ትልቅ ለውጥ ነበር። ቀድሞ መላ ሰውነትን የሚያዳርስ እንክብል ይውጡ የነበሩ ሕሙማን በአነስተኛ መጠን፣ በቀጥታ ወደ አየር ቧንቧቸው የሚገባ መድኃኒት አገኙ። ቡዴሶናይድና ፍሉቲካሶን የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ይሁንና ከሚረጨው መድኃኒት ብዙው እጅ ሳንባ አይደርስም፤ በአፍና በጉሮሮ ላይ ያርፋል።

ጉዳቱ የሚመጣው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛ፣ መድኃኒቱ በቦታው ያለውን የመከላከል አቅም ስለሚቀንስ ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ በአፍ፣ አንዳንዴም በማንቁርት ላይ ይራባል። ሁለተኛ፣ የድምፅ አውታሮችን የሚያንቀሳቅሱት ጥቃቅን ጡንቻዎች ይዳከማሉ፤ አውታሮቹ በሚገባ ስለማይገጥሙ ድምፁ ነፋስ የበዛበትና ቶሎ የሚዝል ይሆናል። ሦስተኛ፣ የሚረጨው ጋዝ ወይም መድኃኒቱን የሚሸከመው ዱቄት ጉሮሮን ይቆረቁራል፣ ያስላል። የመድኃኒቱ መጠን በጨመረ ቁጥርና ሰውየው ድምፁን አብዝቶ በተጠቀመ ቁጥር ችግሩ ይጎላል።

የአለርጂ እንክብሎች መንገድ ሌላ ነው። እንደ ክሎርፌኒራሚን ያሉት የቀድሞዎቹ ፀረ ሂስታሚኖች አፍንና ጉሮሮን ያደርቃሉ፤ እንቅልፍም ያመጣሉ። ሱዶኢፌድሪን ያለባቸው የአፍንጫ መጨናነቅ ማስታገሻዎችም እርጥበት ይቀንሳሉ። ሴቲሪዚንና ሎራታዲን በአንጻሩ የማድረቅ ጠባያቸው አነስተኛ ነው። በደረቅ አየር ውስጥ የሚኖር ሰው የሚያደርቅ መድኃኒት ሲወስድ ድርቀቱ በላይ በላይ ይሆንበታል።

ትልቁ አደጋ ግን የድምፅ መሻከሩ አይደለም፤ ሰውየው በዚህ ሰበብ መከላከያውን መድኃኒት ጥሎ በማስታገሻው ብቻ መኖሩ ነው። ሳልቡታሞል የተጨነቀውን ትንፋሽ በደቂቃዎች ያቀላል፤ የአየር ቧንቧውን ብግነት ግን አያክምም። በእርሱ ብቻ መታመን ለከባድ የአስም ጥቃትና ለሞት ሊዳርግ ስለሚችል፣ ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዋቂዎችና ታዳጊዎች በማስታገሻ ብቻ እንዳይታከሙ ይመክራል።

መፍትሔው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። መድኃኒቱ በተሳበ ቁጥር አፍን በውኃ መጉመጥመጥ፣ ጉሮሮን አንጎራጉሮ ውኃውን መትፋት ቀዳሚው ነው። በጋዝ ለሚረጨው ዓይነት ደግሞ በመድኃኒቱና በአፍ መካከል የሚገባ ባዶ ዕቃ፣ ማለትም ስፔሰር፣ ትልልቆቹን ጠብታዎች ያስቀራል፤ ለዱቄት መድኃኒት ግን አያገለግልም።

በዚህ ረገድ ደቡብ አፍሪካ ለዓለም ያበረከተችው ትምህርት አለ። በኬፕታውን ፕሮፌሰር ሄዘር ዛርና ባልደረቦቻቸው ተራ የ500 ሚሊ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጡ ተበስቶ፣ መርጫው በቀዳዳው በጥብቅ ሲገጠም፣ አስም የተነሳባቸውን ሕፃናት ለማከም ከፋብሪካው ስፔሰር ጋር የሚስተካከል ውጤት እንደሚሰጥ በ1999 እ.ኤ.አ. በላንሴት መጽሔት አሳተሙ። ጥናቱ የተካሄደው በማስታገሻ መድኃኒት ላይ ቢሆንም፣ ስፔሰር ውድ ለሆነበት አገር ሁሉ በር ከፍቷል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ድምፁ ካልተመለሰ፣ ሐኪም መጠኑን አስም ሳይነሳ ሊቆጣጠር ወደሚችለው ዝቅተኛ ደረጃ ሊያወርድ፣ ወይም እንደ ሲክሌሶናይድ በአብዛኛው ሳንባ ደርሶ ወደ ሥራ በሚገባ መድኃኒት ሊለውጥ ይችላል። ብዙውን ጊዜ ለውጡ ከተደረገ በኋላ ድምፅ ቀስ በቀስ ይመለሳል።

የድምፅ መሻከር ሁሉ ከመድኃኒት አይመጣም። የጨጓራ አሲድ፣ ማጨስና ድምፅን ከልክ በላይ መጠቀም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ። ከ4 ሳምንት በላይ የቆየ መሻከር ማንቁርትን በመሣሪያ ማስመርመር ይጠይቃል፤ ደም ማሳል፣ የመዋጥ ችግር ወይም የአንገት እብጠት ካለ ደግሞ 4 ሳምንት አይጠበቅም። እስከዚያው መከላከያውን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አይገባም፤ ለሻከረ ድምፅ ጊዜ አለው፣ ለታፈነ ትንፋሽ ግን የለውም።