በነጠላ የተሸፈነ ጋሪ

ባለፈው ጁላይ ኦርላንዶ፣ ማጂክ ኪንግደም በተባለው የዲስኒ ወርልድ ፓርክ ግቢ ውስጥ፣ ሰልፉን ለማየት ከመንገዱ ዳር ከተሰበሰበው ሕዝብ መካከል አንድ የሕፃን ጋሪ ዓይኔን ሳበው። ከላይ እስከ ታች በነጠላ ተሸፍኗል። ጥለቱን ሳይ ደስ አለኝና ሰላም ልል ጠጋ አልኩ። ጋሪውን የያዙት አያት ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው፣ «ተኝቷል ልጄ፣ ቀስ በይ» አሉኝ። ፀሐዩ አናታችን ላይ ነው። ቆሜ እንኳ ላቤ በጀርባዬ ይንቆረቆራል።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንዴ ይግለጡት» አልኳቸው።

«ኧረ ፀሐይ ይመታዋል!»

እናትየው ግን የፊቴን ሁኔታ አይታ ነው መሰለኝ ነጠላውን አነሳችው። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። ፀጉሩ በላብ ርሶ ግንባሩ ላይ ተለጥፏል፣ ከንፈሩ ደርቋል። በስሙ ስትጠራው ዓይኑን በግድ ገልጦ መልሶ ከደነው። ተኝቶ ሳይሆን ዝሎ ነበር። አቅፋው ወደ መጀመሪያ እርዳታ ክፍል ሮጠች፤ እኔና አያትየው ባዶውን ጋሪ እየገፋን ተከተልናቸው። ነርሷ ልብሱን አውልቃ በእርጥብ ፎጣ አበረደችው፣ ውኃ በትንሽ በትንሹ ሰጠችው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የእናቱን የአንገት ሐብል መጎተት ሲጀምር ሁላችንም ተነፈስን።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚያ ጋሪ ምክንያት ነው። ከዚያ ወዲህ ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ጓደኞቼን ስጠይቅ ግማሾቹ ያንኑ እንደሚያደርጉ ነገሩኝ። በአማርኛ የሚሠሩ የጉዞ ምክር ቪዲዮዎች ላይም «ልጃችሁን ቀለል ያለ ጨርቅ ሸፍኑት፣ ጥላም ይሆነዋል፣ እንቅልፍም ይወስደዋል» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሺዎች የሚያዩት ቪዲዮ ላይ ቀርቦ ሌላውን ወላጅ የሚመክር ሰው፣ የሚመክረውን ነገር አንድ ቀን እንኳ በቴርሞሜትር ሊፈትሸው ይገባ ነበር። ቴርሞሜትር ውድ ዕቃ አይደለም።

አያቶቻችን ግን ከመሬት ተነስተው አልሸፈኑም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነች። ጎንደርም፣ ደሴም፣ ደብረ ብርሃንም ደጋ ናቸው። ደጋ ላይ ፀሐዩ ይፋጃል፣ አየሩ ግን ቀዝቃዛና ደረቅ ነው፤ ከፀሐይ ወጥቶ ዛፍ ጥላ ሥር የገባ ሰው ወዲያው ይበርደዋል። እዚያ አገር የሚጎዳው ጨረሩ ነውና ጨረሩን በነጠላ የከለለች እናት ልጇን በእርግጥ ጠብቃለች። አቧራውንም፣ ዝንቡንም፣ ነፋሱንም ከልላለች። «እኛን እንዲህ አድርገው ነው ያሳደጉን» የሚለው ክርክር ለዚያ አገር እውነት ነው።

ኦርላንዶ ግን ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ያላለች፣ በረግረግና በሐይቅ የተከበበች ከተማ ነች። በጁላይ የቀኑ ሙቀት በአማካይ 33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይደርሳል፤ አየሩ ራሱ ሞቃትና በእርጥበት የከበደ ስለሆነ ጥላ ሥር ቢገቡም ሙቀቱ ተከትሎ ይገባል። ሰውነታችን የሚበርደው ላቡ ሲተንና አየር በቆዳችን ላይ ሲያልፍ ነው። እርጥበት በበዛበት አየር ላብ ቶሎ አይተንም፤ ስለዚህ የቀረችን መከላከያ የምታልፈው ነፋስ ነች። ጋሪውን በጨርቅ ስንዘጋ ያቺኑ ነፋስ እናግዳለን። ሕፃኑ የሚያወጣው የራሱ ሙቀት፣ ትንፋሹና የላቡ እንፋሎት ከእሱ ጋር ታፍኖ ይቀራል። ጨርቁ ስስ ቢሆንም፣ ነጭ ቢሆንም ያው ነው። ነጠላ በእጅ ሲይዙት ይስሳል፤ ታጥፎ ሲደረብና ዙሪያውን ሲጠቀጠቅ ግን መጋረጃ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2014 ስቬንስካ ዳግብላዴት የተባለ የስዊድን ጋዜጣ ቀላል ሙከራ አድርጎ ነበር። ፀሐይ ላይ የቆመ የሕፃን ጋሪ ሳይሸፈን ውስጡ 22 ዲግሪ ነበር። በስስ ጨርቅ ተሸፍኖ ግማሽ ሰዓት ሲቆይ 34 ደረሰ፤ በአንድ ሰዓት 37 ሆነ። ያ በስዊድን በጋ ነው። መነሻው 33 ዲግሪ የሆነበትን የኦርላንዶን ቀን አንባቢ ራሱ ያስላው።

ሕፃኑ ደግሞ ትንሽ አዋቂ አይደለም። የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደህንነት መሥሪያ ቤት መኪና ውስጥ ስለሚረሱ ልጆች ሲያስጠነቅቅ፣ የሕፃን ሰውነት ከአዋቂ ከ3 እስከ 5 እጥፍ ፈጥኖ እንደሚሞቅ ይናገራል። ልጅ ከክብደቱ አንጻር የቆዳው ስፋት ትልቅ ነው፣ ላቡም ከእኛ ያነሰ ነው። ሲጠማው «ጠማኝ» አይልም፤ ሲደክመው ዝም ይላል፣ ዝምታውንም እኛ እንቅልፍ እንለዋለን። ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ይኸው ነው፦ ጨርቁ ሙቀቱን አፍኖ ሲያበቃ ልጁንም ከዓይናችን ይሰውርብናል። የማናየው ልጅ ሲለወጥ አናውቅም።

ለዓይን ብለው የሚሸፍኑም አሉ፤ በሕዝብ መሐል የተኛ ልጅ ዓይን ይበላዋል ብለው። በእምነታቸው አልከራከራቸውም። ግን የጋሪውን ፊት ወደ ግድግዳ፣ ወደ ራሳቸው ቢያዞሩት ልጁም ከዓይን ይድናል፣ አየርም ያገኛል።

ታዲያ ምን ይደረግ? የጋሪው የራሱ ጣሪያ ይዘርጋ፤ ፊቱና ጎኑ ክፍት ይሁን። በልብስ መቆንጠጫ የምትያዝ፣ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ማራገቢያ ትሰቀልለት። ጨርቅ የግድ ከተባለ እርጥብ ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2023 የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ፈትሸዋል፦ ደረቅ ጨርቅ የጋሪውን ውስጥ ያሞቃል፤ በውኃ የራሰ ስስ ጨርቅ ግን፣ በተለይ ማራገቢያ ሲታከልበት፣ ያበርደዋል። የሚያበርደው ውኃው ስለሚተን ነውና በደረቀ ቁጥር ደጋግሞ ማርጠብ ያስፈልጋል፤ እርጥበት በከበደበት እንደ ኦርላንዶ ባለ ቦታ ደግሞ ትነቱ ስለሚዘገይ ጥቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ እኔ የምመርጠው ቤት ውስጥ ማስገባት ነው። ማጂክ ኪንግደም ውስጥ «ኢትስ ኤ ስሞል ዎርልድ» የሚባለው የጀልባ ጉዞ የቁመት ገደብ የለውም፣ ቤት ውስጥ ነው፣ ኤሲ አለው፤ ሕፃናትም ይወዱታል። በአራቱም የዲስኒ ወርልድ ፓርኮች ደግሞ ጡት ማጥቢያ፣ ዳይፐር መቀየሪያና ምግብ ማሞቂያ ያለው ቀዝቃዛ የሕፃናት ማረፊያ አለ። በነጻ ነው። ከበሩ እንደገባችሁ ካርታው ላይ ፈልጉት።

ምልክቶቹንም አያትም፣ አጎትም፣ ጋሪ የሚገፋ ሁሉ ይወቃቸው። ልጁ ከወትሮው በተለየ ከተነጫነጨ ወይም ከፈዘዘ፣ ካስመለሰው፣ ዳይፐሩ ለሰዓታት ደርቆ ከቆየ ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ቀዝቃዛ ክፍል ማስገባት፣ ልብሱን ማቅለል፣ ውኃ ማቅመስ ነው። ሰውነቱ እንደ እሳት ከጋለና ግራ ከተጋባ፣ ለመንቃት ካስቸገረ ወይም ከተንቀጠቀጠ ግን ያ አደገኛው ደረጃ ነው፤ 911 ደውሎ እርዳታው እስኪደርስ በውኃ እያረጠቡ ማራገብ። «ምች ነው» ብሎ ሆቴል ወስዶ ማስተኛት አይሆንም። ሙቀት የመታው ልጅ ተሸፋፍኖ ሲተኛ ይብስበታል።

ከዚህ ጋር ዘመድ የሆነ ሌላ አባባል አለ፦ «የእኛ ቆዳ ፀሐይ አይጎዳውም።» ሜላኒን በእርግጥ የተወሰነ መከላከያ ይሰጣል፤ ጥቁር ቆዳ ከነጭ ይልቅ ዘግይቶ ይቃጠላል። ዘግይቶ ግን ይቃጠላል። ስድስት ወር ያለፈው ልጅ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ይቀባ፣ በየሁለት ሰዓቱም ይደገምለት። ከስድስት ወር በታች ያለው ከፀሐይ ራቅ ብሎ ይቆይ። ሙቀትን ግን ሜላኒን ጨርሶ አይከላከልም።

ከሙቀት ውጭ ስለዚህ ጉዞ የሚነገሩ ሌሎች አባባሎችም አሉ። «ሦስት ዓመት ሳይሞላው እንሂድ፣ ሁሉ ነገር ነጻ ነው» የሚለው ግማሹ እውነት ነው። ዲስኒ ወርልድ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ የመግቢያ ትኬት አይጠይቅም። በአሜሪካ የአገር ውስጥ በረራ አውሮፕላኑ ግን በእቅፍ በነጻ የሚያስገባው 2 ዓመት ያልሞላውን ብቻ ነው። የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ ፓርኩን በነጻ ይገባል፣ አውሮፕላን ላይ ግን መቀመጫ ይገዛለታል። ይህን ሳያውቁ በጀት አውጥተው የደነገጡ ቤተሰቦች አውቃለሁ።

«ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው» ይባላል። ዲስኒ ወርልድ ውስጥ አይደለም። እንጀራ በወጥ በሳህን ይዞ መግባት ይቻላል። የሚከለከለው አልኮል፣ የብርጭቆ ዕቃና የተበተነ በረዶ ነው፤ የሕፃን ምግብ ያለበት ትንሽ ብልቃጥ ግን ይፈቀዳል። ፈጣን ምግብ የሚሸጡበት ቦታ ሄዶ በኩባያ ቀዝቃዛ ውኃ ቢጠይቁ በነጻ ይሰጣሉ። በፍልሰታ የሚጾም ወላጅም ለራሱ የጾም ምግብ ቢይዝ ማንም አያስቆመውም።

ጋሪን በተመለከተ «የፈለግነውን ይዘን እንገባለን» የሚል ወላጅ በር ላይ ይመለሳል። ወርዱ ከ79 ሴንቲሜትር፣ ርዝመቱ ከ132 ሴንቲሜትር የበለጠ አይገባም። ሁለት ሦስት ልጅ የሚጫንበት የሚጎተተው ጋሪም እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ተከልክሏል።

ስለ መጫወቻዎቹ የቁመት ገደብ የምሰማው ምክር ግን ያናድደኛል። «ጫማው ውስጥ ሶል ደርቡለት፣ ያልፋል።» የቁመት ገደቡ የተወሰነው ልጁን መቀመጫው ላይ የሚይዘው ብረት ከሰውነቱ ልክ ጋር እንዲገጥም ነው። ሰቨን ድዋርፍስ የተባለው የማዕድን ባቡር 97 ሴንቲሜትር ይጠይቃል፤ ስፔስ ማውንቴን 112። በሶል የጨመረው ሁለት ሴንቲሜትር ልጁን አያወፍረውም፣ ትከሻውንም አያሰፋውም። ወላጆቹ መሳፈር ከፈለጉ መፍትሔው ቀላል ነው፦ አንዱ ሲገባ ሌላው ልጁን ይዞ ይጠብቃል፣ ከዚያ ሁለተኛው ወረፋውን እንደገና ሳይሰለፍ ይገባል። ሠራተኛውን «ራይደር ስዊች» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

«ሕፃን ምንም አያስታውስም» የሚለውን በሁለት መንገድ እሰማዋለሁ። አንዳንዱ ላለመሄድ ይጠቀምበታል፤ ይህ ያስኬዳል፣ አብዛኞቻችን ከሦስት ዓመታችን በፊት የሆነውን አናስታውስምና። ሌላው ግን ልጁ ሲያለቅስ «ነገ ይረሳዋል» ብሎ ከበር መክፈቻ እስከ ማታው ርችት ያዞረዋል፣ ትኬቱ ውድ ነውና። የሁለት ዓመት ልጅ የዛሬውን ለወራት ሊያስታውስ ይችላል። ባያስታውሰውም ዛሬ የሚሰማው ሙቀትና ድካም ዛሬ እውነት ነው።

ትልቁ ውሳኔ የቀኑ ምርጫ ይመስለኛል። «ኦርላንዶ በክረምት እረፍት፣ ጁላይ ላይ ነው የሚኬደው» የሚለው ለተማሪ ልጆች ወላጅ ነው። ሕፃን ብቻ ያለው ቤተሰብ የትምህርት ቤት ካላንደር አያስረውም። በጃንዋሪ መጨረሻ የኦርላንዶ ቀን በአማካይ 22 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ያኔ የጋሪውን ሙቀት ሳይሆን የምሽቱን ሹራብ ነው የምናስበው። ታላቅ ወንድም ወይም እህት ኖሮ ጁላይ ግድ ከሆነ ደግሞ ቀኑን ለሁለት ክፈሉት። በሩ ሲከፈት ግቡ፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 5 ሰዓት ሳያልፍ ውጡ። ልጁ ሆቴል ውስጥ በአልጋው ላይ፣ በኤሲ ሥር፣ እግሩን ዘርግቶ ይተኛ። የፍሎሪዳ የከሰዓት ነጎድጓድና ዝናብም ብዙ ጊዜ የሚመጣው በዚያ ሰዓት ነው፤ ከእሱም ትተርፋላችሁ። 11 ሰዓት ላይ ተመለሱ። ነጠላውንም ያዙት፤ ማታ ኤሲው በሚያንቀጠቅጠው አውቶቡስ ውስጥ ልጁ ደረት ላይ ጣል ይደረግለታል፣ ፊቱ ግን ይታይ።