በስልክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ፦ ለሞጣ ቤት የቱ ይስማማል?

የማብሪያ ማጥፊያ ሥራ ቀላል ነው፤ ወደ አምፖሉ የሚሄደውን ፌዝ፣ ማለትም ኮረንት ያለበትን ሽቦ፣ ይቆርጣል፣ ያገናኛል። «ስማርት» የሚባለው ዓይነት በዚህ ላይ ትንሽ ኮምፒውተርና ሬዲዮ ይጨምራል። ከስልክ ትእዛዝ ይቀበላል፣ በተሞላለት ሰዓት ያበራል፣ ያጠፋል። ዲመር ያለው ደግሞ ብርሃኑን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ሞጣ ላይ ቤት የሚሠራ ወይም መስመር የሚያድስ ሰው ግን ከስልኩ በፊት ግድግዳውን ይመልከት።

በተለመደው አዘረጋግ ፌዙ ከብሬከር ተነሥቶ ወደ ማብሪያው ይወርዳል፤ ከዚያ ወደ አምፖሉ ይወጣል። መመለሻው ሽቦ፣ ኒውትራሉ፣ ማብሪያው ዘንድ ሳይደርስ በቀጥታ ወደ አምፖሉ ይሄዳል። ለተራ ማብሪያ ይህ ይበቃል። ስማርቱ ግን መብራቱ ጠፍቶም ትእዛዝ መጠበቅ ስላለበት ለራሱ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ብዙዎቹም ኒውትራል ይጠይቃሉ። የማይጠይቁት ጥቂት ኮረንት በአምፖሉ በኩል ያሳልፋሉ። የድሮው የ60 ዋት አምፖል ይህ አይታወቅበትም፤ የ5 ዋት ኤልኢዲ ግን ጠፋ ሲባል ደብዘዝ ብሎ ይበራል ወይም ብልጭ ድርግም ይላል። ከአምፖሉ ጎን የምትገጠም ትንሽ ካፓሲተር ብዙ ጊዜ ችግሩን ትፈታለች።

በጭቃ ቤት፣ ሽቦው ከግድግዳው ላይ ተቸንክሮ ከሄደ፣ አንድ ሽቦ መጨመር ከባድ አይደለም። በብሎኬት ተሠርቶ በሲሚንቶ ከተለሰነ ግን ግድግዳ መፈንቀል ይመጣል። ስለዚህ አሁን ቤት የሚሠራ ሰው ኤሌክትሪክ ሠራተኛውን አንድ ነገር ይጠይቅ፦ በየማብሪያው ሳጥን ኒውትራል ይውረድ። ዛሬ ስማርት ማብሪያ ባይገዛ እንኳ ነገ ልጆቹ ግድግዳ ከማፍረስ ይድናሉ።

ዲመር የራሱ ጠባይ አለው። ኤሌክትሪካችን 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ ሞገዱ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮን ያቋርጣል። ዲመር ከእያንዳንዱ ግማሽ ሞገድ ላይ እየቆረጠ ብርሃኑን ይቀንሳል። የድሮዎቹ ከመነሻው የሚቆርጡና ለባለ ክር አምፖል የተሠሩ ናቸው፤ አነስተኛ ጭነት ሲያገኙ ሥራቸው ይዛባል። ለኤልኢዲ አብዛኛውን ጊዜ የሚስማማው ከግማሽ ሞገዱ መጨረሻ የሚቆርጠው ነው። አምፖሉም ካርቶኑ ላይ በዲመር እንደሚሠራ የተጻፈበት ይሁን፤ አለበለዚያ ይንቀጠቀጣል፣ ዕድሜውም ያጥራል።

ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው ዕቃ ከሆነ ጀርባው ሳይነበብ አይገጠም። እዚያ የቤት መብራት 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው፤ ለዚያ ብቻ የተሠራ ማብሪያ በእኛ መስመር ሊቃጠል፣ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል።

መብራት ሄዶ ሲመጣስ? የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ነው፤ እስከ ቤታችን የሚደርሰው ግን በምሰሶና በትራንስፎርመር በኩል ነው፣ መቆራረጡም የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው። አንዳንዱ ስማርት ማብሪያ መብራት በመጣ ቁጥር አምፖሉን ራሱ ያበራል፤ ሌሊት ተኝቶ ላለ ቤተሰብ ይህ መከራ ነው። ሲገዛ «ከመቋረጡ በፊት በነበረበት ይመለስ» ወይም «ጠፍቶ ይቆይ» የሚል ምርጫ እንዳለው ይጠየቅ።

ኢንተርኔቱም እንዲሁ። ሞጣ ባለችበት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በ2015 ዓ.ም. ክረምት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል። ትእዛዙ ሁሉ ባሕር ማዶ ባለ ሰርቨር በኩል የሚያልፍ ማብሪያ በእንዲህ ያለ ጊዜ ከስልክ አይታዘዝም። ዚግቢ የሚባለው ዓይነት፣ እንዲሁም በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ማተር የተባለው ደረጃ፣ በቤት ውስጥ ባለ መቆጣጠሪያ ያለ ኢንተርኔት መሥራት ይችላሉ። ከሁሉ በላይ በእጅ የሚጫን ቁልፍ ይኑረው፤ እንግዳም አያትም ሳይጠይቁ የሚያበሩት በእጅ ነውና።

ብር ይቆጥባል የሚለው ተስፋ በስሌት ይታይ። የ9 ዋት ኤልኢዲ በየማታው ለ4 ሰዓት ቢበራ 36 ዋት ሰዓት ይበላል። ማብሪያው ራሱ 1 ዋት ቢወስድ በቀን 24 ዋት ሰዓት ነው። ዋናው ቁጠባ የ60 ዋቱን አምፖል በ9 ዋት ኤልኢዲ መቀየር ነው፤ ስማርቱ የሚጨምረው ምቾትና ደህንነት ነው።

ስለዚህ ቤቱን ሁሉ መለወጥ አያስፈልግም። ሌሊት ለሚነሡ አዛውንት ከመኝታ እስከ መጸዳጃ ባለው መንገድ እንቅስቃሴ አይቶ የሚያበራ፣ ኢንተርኔት የማይጠይቅ ማብሪያ ይገጠም። ባለቤቱ ርቆ ለሚኖርበት ቤት ለውጭ በር መብራት በሰዓት የሚሠራ ይበቃል። ዲመር ለሳሎን ወይም ሕፃን ለሚተኛበት ክፍል ይሁን። ሥራውን ባለሙያ ይሥራው፤ ብሬከሩን አጥፍቶ፣ በቴስተር ፈትሾ ይጀምር። በማብሪያው የሚቆረጠውም ፌዙ እንጂ ኒውትራሉ አለመሆኑን ያረጋግጥ፤ ተገላብጦ ከተሠራ መብራቱ ጠፍቶም የአምፖሉ መያዣ ኮረንቲ ይይዛል፣ አምፖል የሚቀይረውን ሰው ሊገድል ይችላል።