ጀልባ ከውኃ ወጥታ ሳለች ስለሚደረግላት ጥገና

በእርሻ ገጽ ስለ ጀልባ ሆድ መጻፋችን አንዳንድ አንባብያንን ሳያስደንቅ አይቀርም። ነገር ግን በደቡብ ሱዳን ዝናም የየብሱን መንገድ በሚዘጋበት ወራት እህል የሚያልፈው በወንዝ ስለ ሆነ፣ የማሽላው ደኅንነት ጆንያው ባረፈበት ብረት ደኅንነት ላይ የተመሠረተ ነው። ከ2019 (እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር) ወዲህ በተከታታይ ዓመታት የደረሰው የውኃ መጥለቅለቅ ብዙ መንገድ ስላበላሸ፣ ይህ ጉዳይ ከቀድሞው ይልቅ ከብዷል።

በጁባ አጠገብ የሚያልፈው ነጭ ዓባይ በዚያ አገር ባሕር ኤል ጀበል ይባላል። ከጁባ በላይ ወደ ኒሙሌ አቅጣጫ ያለው የፉላ አሸንዳ ጀልባ አያሳልፍም፤ ስለዚህ ከኮስቲ፣ ከማላካልና ከቦር የሚመጣው ጭነት ሁሉ በጁባ ይራገፋል። ባሮም ቢሆን ከጋምቤላ ወርዶ በሶባት በኩል ከማላካል በላይ ከዚሁ ወንዝ ይቀላቀላል። በቀድሞ ዘመን ከካርቱም ወደ ጋምቤላ ይመጡ የነበሩት የእንፋሎት መርከቦች የሚደርሱት በክረምት ብቻ ነበር፤ ውኃው ሲጎድል መንገዳቸው ይቋረጥ ነበርና።

ውኃው የሚጎድልበት ይኸው የበጋ ወራት ለጠጋኝ መልካም ጊዜ ነው። የመርከብ መጠገኛ ግድብ በሌለበት ስፍራ ጀልባዋን በድብልብል ግንድ ላይ እያንከባለሉ ወደ ዳርቻው ያወጧታል። ባለቤቱ ግን ጀልባዋ በቆመች ቁጥር ገቢው ስለሚቀር ይቸኩላል፤ ቀለም ቀብቶ በሦስተኛው ቀን ሊመልሳት ይፈልጋል። ጉዳቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ከውኃው ወለል አንድ ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኝ፣ ስፋቱ 2 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀዳዳ በአንድ ሰዓት 3 ሺህ ሊትር ያህል ውኃ ያስገባል፤ ይህም የ30 ኩንታል ክብደት ነው። ጀልባዋ ባትሰጥም እንኳ የታችኛው ረድፍ ጆንያ ይርሳል፤ የራሰ ማሽላ ይሻግታል፤ የሻገተውም ለሰውም ለከብትም መርዝ ሊያፈራ ይችላል።

እንግዲህ ጀልባዋ እንደ ወጣች፣ ጭቃውና አረንጓዴው ዝቃጭ ገና ሳይደርቅ ይፋቅ። ከደረቀ በኋላ እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራልና አንድ ሰዓት የሚፈጀው ሥራ አንድ ቀን ይወስዳል። ቀጥሎ ብረቱ በትንሽ መዶሻ ይመታ። ጤነኛ ላሜራ እንደ ደወል ይጮኻል፤ በዝገት የሳሳው ድምፁ የደነዘዘ ነው። በተለይ በአሸዋ ላይ እየተጎተተ ቀለሙ የተላጠው ወለል፣ ውኃ ልኩን የሚይዝበት መሥመርና ከሞተሩ ሥር ውኃ የሚያቁርበት ስፍራ ይመርመር። ብዙ ጊዜ ብረቱን የሚበላው ከወንዙ ይልቅ በውስጥ የተኛው ቆሻሻ ውኃ ነው፤ ከውጭ ብቻ የሚያይ ሰው ይህን አያገኘውም።

የሳሳው ስፍራ በስቱኮ ተሸፍኖ ቀለም ቢቀባ ጥገና አይባልም። የታመመው ክፍል ተቆርጦ ወጥቶ፣ በውፍረት የሚተካከለው ላሜራ መበየድ አለበት። የጥጋጥጉ ማዕዘን ክብ ይሁን፤ ስንጥቅ ከሾለ ማዕዘን ይነሣልና። ጊዜ አጥሮ ከላይ መደረብ ግድ ከሆነም፣ የድርቡ ጠርዝ በደኅናው ብረት ላይ ማረፍ ይገባዋል፤ ያለዚያ የብየዳው እሳት ሌላ ቀዳዳ ይከፍታል።

ስለ ብየዳ ከተነሣ ዘንድ፣ ከቀዳዳው የሚከፋ አደጋ አለ። ነዳጅ የነበረበት ባዶ በርሜል ወይም ጋን ከሞላው ይልቅ ይፈነዳል፤ የቀረው ትነት ከአየር ጋር ስለሚደባለቅ ነው። ደግሞም ለብዙ ጊዜ ተዘግቶ የቆየ የጀልባ ክፍል ለዓይን ባዶ ቢመስልም የሚተነፈስ አየር ላይኖረው ይችላል፤ እርጥብ ብረት ሲዝግ ከአየሩ ኦክሲጅንን ይወስዳልና። ሰው ወደዚያ ሲወርድ ሳያውቀው ይወድቃል፤ ሊያወጣው የሚወርደውም ባልንጀራው አብሮት ይሞታል። ስለዚህ መክደኛው ሁሉ ከአንድ ቀን በፊት ተከፍቶ በማራገቢያ አየር ይግባበት፤ የሚገባውም ሰው በገመድ ታስሮ፣ ሌላው ከውጭ ሆኖ ገመዱን ይያዝ። አየሩን በሻማ መፈተን፣ አንዳንዶች እንደሚያደርጉት፣ ነዳጅ በነበረበት ስፍራ ራሱ ጥፋት ነው።

ብየዳው ውኃ መቋጠሩን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከቀዘቀዘ በኋላ ከአንዱ ወገን ኖራ ቀብቶ ማድረቅ፣ ከሌላው ወገን ላምባ መቀባት ነው። ላምባ ከውኃ ይልቅ በጠባብ ስንጥቅ ስለሚሾልክ፣ ብየዳው የሚያፈስ ከሆነ ነጩ ኖራ ላይ ጥቁር ነጥብ ይወጣል። ከዚያ ላምባው በደንብ ይታጠብ፤ ቅባት በነካው ብረት ላይ ቀለም አይዝም።

አንቲረስቱ የሚቀባው ጠል ከረገፈ በኋላና ብረቱ በቀትር ፀሐይ ሳይግል ነው። ከዝገት እንዲከላከል በብረቱ ላይ የሚታሰረው ቁራጭ ማዕድን ግን ከቶ ቀለም አይነካው። ለጨው ባሕር የሚሸጠው ዚንክ በወንዝ ውኃ ብዙም አይሠራም፤ ለወንዝ የሚስማማው ማግኒዚየም ነው።

የእንጨት ጀልባ ጠባይዋ ሌላ ነው። በፀሐይ ከተተወች ሳንቃዋ ይሸሻል፤ ስለዚህ በእርጥብ ጆንያ ትሸፈን፤ ስንጥቋም በጥጥ ፈትልና በሬንጅ ሲጠቀጠቅ እንጨቱ በውኃ እንደሚያብጥ ታስቦ እጅግ አይጠብቅ። የጣና ደንገል ታንኳ ግን ውኃ ስለምትጠጣ፣ በየጊዜው ከሐይቁ ወጥታ ካልደረቀች ትከብዳለች፤ ትበሰብሳለችም።

ጀልባዋ ወደ ወንዙ ስትመለስ ወዲያው አትጫን። ማታ በሆዷ ውስጥ ያለው የውኃ ልክ በኖራ ይመልከት፤ ጠዋት ከምልክቱ ካላለፈ፣ ወለሉ ላይ የእንጨት ርብራብ ተዘርግቶ ጆንያው ይደርደር።