ቋሚ ተልባና የዘሩ ነገር

ተልባ ሲባል በኢትዮጵያ ወዲያው የሚታሰበው በክረምት ተዘርቶ፣ ሰማያዊ አበባ አብቦ፣ በዚያው ዓመት የሚታጨደው፣ በምጣድ ሲቆላ የሚንጫጫውና በጾም ጊዜ ተወቅጦ በውሃ የሚበጠበጠው የቅባት እህል ነው። የስዊድኑ የዕፅዋት ሊቅ ሊኔዎስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1753 ዓ.ም. ይህን እህል «ሊኑም ኡሲታቲሲሙም» ብሎ በሰየመበት መጽሐፍ ሌላ ወንድሙንም «ሊኑም ፔሬኔ» በሚል ስም መዝግቦታል። ፔሬኔ በላቲን ከዓመት ዓመት የሚዘልቅ ማለት ነው፤ ስለዚህ ቋሚ ተልባ ቢባል ይስማማዋል። የዚህኛው አገዳ በየዓመቱ ቢደርቅም ሥሩ በሕይወት ቆይቶ እንደገና ያቈጠቍጣል። አገሩ ከአውሮፓ ሣራማ ሜዳ አንሥቶ እስከ ሳይቤሪያ ነው።

በምዕራብ አሜሪካም እጅግ የሚመስለው ተልባ ይበቅላል። ተጓዡ ሜሪዌዘር ሌዊስ በ1805 ዓ.ም. በጁላይ ወር በሚዙሪ ወንዝ ዳር አይቶት፣ የሚታረሰውን ተልባ እንደሚመስልና ሥሩ ቋሚ ሳይሆን እንደማይቀር በዕለት ማስታወሻው ጽፏል። እርሱ ስለ አዲስ ግኝት ሲጽፍ፣ የአገሩ ሰዎች ግን ተክሉን ከሥራ ላይ አውለውት ነበር፤ በኦሬገን ያሉት ክላማት የተባሉት ሕዝቦች ከአገዳው በሚያወጡት ቀጭንና ጠንካራ ጭረት ገመድ ይገምዱ፣ የዓሣ መረብም ይሠሩ ነበር። በኋላ ፑርሽ የተባለው የዕፅዋት ሊቅ ተክሉን በሌዊስ ስም «ሊኑም ሌዊሲይ» ብሎ ጠራው።

ሁለቱም ቋሚ ተልባዎች ዛሬ በአትክልት ቦታ ለአበባቸው ይዘራሉ። የሚዘሩት ከብርዱ ወራት በፊት ወይም ብርዱ ሊያልቅ ሲል ነው። እዚህ ላይ ክረምት የሚለው የአማርኛ ቃል አንባቢን እንዳያሳስት ያስፈልጋል፤ የነዚህ ተክሎች ክረምት ዝናም ሳይሆን በረዶ ነው፤ ከዘሩም ብዙው እርጥበትና ቅዝቃዜ አንድ ላይ ሲያገኙት የተሻለ ይበቅላል። መሬቱ ፀሐይ የሚያገኘውና ውሃ የማይቋጥር መሆን አለበት፤ ውሃ የሚይዝ ዋልካ አይስማማውም። ዘሩ ከግማሽ ሳንቲሜትር በበለጠ ጥልቀት አይቀበርም። እንደ እህሉ ተልባ ሁሉ ውሃ ሲነካው ልጋግ አውጥቶ እርስ በርሱ ስለሚጣበቅ በደረቁ መበተን ይሻላል። ዋና ሥሩ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ስለሚወርድም ችግኙን ከቦታ ቦታ ማዛወር ብዙ ጊዜ ይጎዳዋል፤ በሚኖርበት ቦታ ዘርቶ በኋላ ማሳሳት ይበልጣል። በመጀመሪያው ዓመት አብዛኛውን ጊዜ ቅጠል ብቻ ያሳያል። በሁለተኛው ያብባል፤ ጧት የተከፈተው አበባ ከቀትር በኋላ ይረግፋል፣ በማግሥቱም ሌላው ይተካዋል። ቋሚ ቢባልም ዕድሜው ከጥቂት ዓመታት አያልፍም፤ ቦታውን የሚያቆይለት ራሱ የሚያረግፈው ዘር ነው።

ይሁን እንጂ ዘር ማፍራቱ በሁለቱ ዘንድ አንድ ዓይነት አይደለም። በአውሮፓው ቋሚ ተልባ ከተክሎቹ ግማሽ በሚያህሉት አበባ ውስጥ የሴቴዎቹ ዘንጎች ረጅም፣ የወንዴዎቹ አጭር ናቸው፤ በቀሩት ተክሎች ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ቻርልስ ዳርዊን በ1863 ዓ.ም. ለለንደኑ የሊኔዎስ ማኅበር ባቀረበው ጥናት እንዳስረዳው፣ የአንዱ ወገን የአበባ ዱቄት የራሱን ወገን ፈጽሞ አያፈራውም ለማለት ይቻላል፤ ፍሬ የሚገኘው ነፍሳት ዱቄቱን ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ሲያሻግሩት ነው። እንግዲህ አንድ ተክል ብቻ ያለው አትክልተኛ አበባ አይቶ ዘር ቢያጣ ጥፋቱ የአፈሩ አይደለም። የኢትዮጵያ ገበሬ ይህ ችግር አያገኘውም፤ የእህሉ ተልባ አበባዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነው በራሳቸው ዱቄት ያፈራሉና። የአሜሪካው የሌዊስ ተልባም አበባው አንድ ዓይነት ስለሆነ ብቻውን ቢተከል እንኳ ዘር ይይዛል።

ይህ ጥቃቅን የሚመስል ልዩነት ትልቅ ስሕተት ያጋለጠበት ጊዜ አለ። በደቡብ ዳኮታ ብላክ ሂልስ ከተሰበሰበ ዘር የተገኘ «አፓር» የሚባል ተልባ በ1980 ዓ.ም. የአገሩ ተወላጅ የሌዊስ ተልባ ነው ተብሎ ለዘሪዎች ተሰጠ፤ የተጎዳ የግጦሽ መሬት እንዲያለብስም በምዕራቡ አገር በሰፊው ተዘራ። በ1990ዎቹ አበባው ሲመረመር ግን ረጅምና አጭር ዘንግ ያላቸው ሁለት ወገኖች ተገኙበት፤ ተወላጅ የተባለው አስቀድሞ ከአውሮፓ መጥቶ በዱር የሰፈረው ቋሚ ተልባ ነበር። ብርቱ ተክል ስለሆነ አሁንም በዚያው ስም ይዘራል። የእውነተኛው የሌዊስ ተልባ ዘር «ሜፕል ግሮቭ» በሚል ስም በ2003 ዓ.ም. ተለይቶ ወጣ። የሁለቱን ዘር በእጅ ይዞ በዓይን ለመለየት ያስቸግራል፤ ምን እንደ ዘራ ማወቅ የሚሻ ሰው እስከ ሁለተኛው ዓመት ታግሦ፣ ጧት አበባው ሳይረግፍ፣ ከአንድ ተክል ሳይሆን ከብዙዎች ላይ የዘንጎቹን ርዝመት መመልከት ይኖርበታል።