በአንገት በኩል በቱቦ ለሚተነፍሱ ታካሚዎች በቤት ውስጥ የሚደረግ እንክብካቤ

ትራኪዮስቶሚ በአንገት ፊት ለፊት በኩል በአየር ቧንቧ ላይ በቀዶ ሕክምና የሚከፈት ቀዳዳ ሲሆን፣ ቀዳዳው እንዳይዘጋ አጭርና ጎበጥ ያለ ቱቦ ይገባበታል። ሕክምናው በዕጢ ወይም በጉዳት ምክንያት የላይኛው የአየር መንገዳቸው ለጠበበባቸው፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ለረጅም ጊዜ በመተንፈሻ መሣሪያ ታግዘው ለቆዩ፣ እንዲሁም አክታቸውን በራሳቸው አስለው ማውጣት ለተሳናቸው ሕሙማን ይሰጣል። ከእነዚህ ታካሚዎች ከፊሎቹ ቱቦው ሳይወጣላቸው ወደ ቤታቸው ይሸኛሉ። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ነርሶች ቀንና ሌሊት ሲያከናውኑት የነበረው ሥራ የቤተሰቡ ኃላፊነት ይሆናል።

ጤናማ ሰው የሚስበውን አየር አፍንጫው ያጣራለታል፣ ያሞቅለታል፣ ያረጥብለታል። በአንገት በኩል የሚገባ አየር ግን ይህን ሁሉ ሳያገኝ በቀጥታ ወደ ሳንባ ይዘልቃል። በዚህም ምክንያት አክታው ይወፍራል፤ ደርቆም ቱቦውን ሊደፍን ይችላል። በቤት ውስጥ ሊያጋጥሙ ከሚችሉ ችግሮች ሁሉ ፈጥኖ ሕይወት የሚቀጥፈው ይኸው የቱቦ መደፈን ነው። ቀጥሎ የሚቀርቡት ምክሮች አብዛኞቹ ይህንኑ ለመከላከል ያለሙ ናቸው።

ዝግጅቱ መጀመር ያለበት ታካሚው ከሆስፒታል ሳይወጣ ነው። ቢያንስ ሁለት የቤተሰብ አባላት አክታ መምጠጥን፣ ቱቦ ማጽዳትንና ማሰሪያ መቀየርን በባለሙያ ፊት በገዛ እጃቸው ሠርተው ማሳየት ይኖርባቸዋል። ቆሞ ማየት በቂ ሥልጠና አይደለም፤ ዕድሉ ካልተሰጣቸው እንዲሰጣቸው መጠየቅ መብታቸው ነው። በመውጫ ማስረጃው ላይ የቱቦው ዓይነት፣ ቁጥሩ፣ የገባበት ቀንና ቀጣዩ የመቀየሪያ ጊዜ በግልጽ መጻፍ አለበት። በተለይ ከሩቅ ወረዳ ለመጡ ታካሚዎች ይህች ወረቀት ከፍተኛ ጠቀሜታ አላት፤ በአካባቢያቸው ያለው ጤና ጣቢያ ታካሚውን ከዚያ በፊት አይቶት ስለማያውቅ መነሻው እርሷ ናት።

አክታ የሚመጠጠው በሰዓት ተቆጥሮ ሳይሆን ሲያስፈልግ ነው፤ የሚያንኮራፋ ወይም የሚንኳኳ ድምፅ ሲሰማ፣ አክታው በቱቦው አፍ ሲታይ፣ ታካሚው ሲጨነቅ። እጅ በሳሙናና በውኃ ከታጠበ በኋላ ንጹሕ ጓንት ይደረጋል። የመምጠጫው ቀጭን ቱቦ ባለሙያው ከለካው ርቀት አልፎ መግባት የለበትም። ሲገባ ሳይመጥጥ፣ ሲወጣ ብቻ እየመጠጠ መሆን ይገባዋል፤ ከመግቢያው እስከ መውጫው ያለው ጊዜም ከ10 ሰከንድ መብለጥ የለበትም፤ ታካሚው በዚያች ቅጽበት አየር እያገኘ አይደለምና። ዳግም ከመምጠጥ በፊት እፎይ እንዲል ጊዜ ይሰጠው። አክታውን ለማቅጠን በሚል ባለሙያ ሳያዝ ጨዋማ ፈሳሽ በቱቦው ውስጥ ማንጠባጠብ አይመከርም። መብራት በሚቋረጥበት አካባቢ የሚኖሩ ቤተሰቦች ባትሪ ያለው ወይም በእጅ አለዚያም በእግር የሚሠራ መምጠጫ በተጠባባቂነት ቢይዙ ይመረጣል።

ብዙዎቹ ቱቦዎች ውስጠኛና ውጫዊ ክፍል አላቸው። ውስጠኛው በቀን ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ አክታ ከበዛም ከዚያ በላይ ወጥቶ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃና በለስላሳ ብሩሽ ይጸዳል፤ ታጥቦም ወዲያውኑ ይመለሳል። ውጫዊው ቱቦ ግን ለጽዳት ተብሎ አይነሳም። ማሰሪያው ሲቀየር ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ቱቦውን አጥብቆ ይይዛል፣ ሌላው ያስራል። በማሰሪያውና በአንገቱ መካከል አንድ ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት ከተረፈ ልኩ ነው።

አየሩን ለማርጠብ በቀዳዳው ፊት ንጹሕና እርጥብ የጋዝ ጨርቅ ማንጠልጠል ይረዳል። ብጥስጣሹ ሊሳብ ስለሚችል ጥጥ መጠቀም አይገባም። የማገዶና የከሰል ጭስ፣ እጣንና ሰንደል፣ ሲጋራም ታካሚው ካለበት ክፍል ይራቁ፤ ቡና በሌላ ክፍል ቢፈላ ማንም አይቀየምም። ገላ ሲታጠብ ውኃው ከደረት በታች ይሁን። ጸበል የሚጠመቁ ታካሚዎችም በዚያው ልክ እንዲጠነቀቁ አደራ እንላለን፤ በአንገት በኩል የገባ ውኃ በቀጥታ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ሐኪም መዋጥን ከፈቀደ ታካሚው ጸበሉን ሊጠጣ ወይም እግርና እጁን ሊታጠብ ይችላል።

ምግብ የሚሰጠው ቀና ብሎ ተቀምጦ ነው። ሲበላ የሚያስለው ወይም ምግብ በቱቦው የሚወጣ ከሆነ መመገቡን አቁሞ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል። ንግግርን በተመለከተ፣ የአየሩ መንገድ ድምፅ ወደሚፈጥረው ማንቁርት ስለማይደርስ አብዛኞቹ ታካሚዎች ድምፃቸውን ያጣሉ። ቱቦው ባለ ፊኛ ከሆነ ፊኛው ሳይተነፍስ የቱቦውን አፍ መሸፈን ወይም የመናገሪያ ክዳን መግጠም ትንፋሽን ያፍናል፤ ስለዚህ በባለሙያ ትእዛዝ ብቻ ይደረጋል። ሕፃን ሲያለቅስም ድምፁ አይሰማም። እናቱ ወይም አሳዳጊው ከጎኑ ማደር አለባቸው፤ አዋቂ ታካሚም ቃጭል ወይም የሚንኳኳ ነገር አጠገቡ ይኑረው።

በታካሚው አልጋ አጠገብ ተመሳሳይ ቁጥር ያለው አንድ ተጨማሪ ቱቦ፣ በአንድ ቁጥር የሚያንስ ሌላ ቱቦ፣ መቀስና መምጠጫ ዘወትር መኖር አለባቸው። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ከንፈር ከጠቆረ በመጀመሪያ ውስጠኛውን ቱቦ ማውጣት፤ ብዙ ጊዜ ይህ ብቻውን መንገዱን ይከፍተዋል። ካልተከፈተ መምጠጥ። መምጠጫው አልገባ ካለ ቱቦው ተደፍኗልና የሠለጠነው የቤተሰብ አባል አውጥቶ በተጠባባቂው ይተካው፤ ካልገባ ትንሹን ይሞክር። ሁለቱም እምቢ ካሉ ማንቁርት ያለው ታካሚ ቀዳዳው በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ በአፍንጫና በአፍ ሊተነፍስ ይችላል፤ የላይኛው መንገዱ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ከሆነ ግን አይሆንም። ማንቁርቱ በቀዶ ሕክምና የወጣለት ታካሚ መተንፈሻው በአንገቱ ያለው ቀዳዳ ብቻ ስለሆነ በፍጹም መሸፈን የለበትም። ታካሚው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ቤተሰቡም፣ የሚረዱት ጎረቤቶችም ማወቅ ይኖርባቸዋል። ከቱቦው ትኩስ ደም ከፈሰሰ፣ መጠኑ ጥቂት ቢሆንም፣ ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ትኩሳት፣ ሽታ ያለው አክታ፣ በአንገት ዙሪያ እብጠትና መቅላትም በዚያው ቀን መታየት ያለባቸው ምልክቶች ናቸው። አምቡላንስ ለመጥራት የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርን በ907፣ በአዲስ አበባ ደግሞ በ939 መደወል ይቻላል።

ለክትትል የሚሄዱ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት መታወቂያቸውን በወቅቱ ማሳደስና የሪፈር ቅደም ተከተሉን ጠብቀው ከጤና ጣቢያ መነሳት ይኖርባቸዋል። ቱቦና የመምጠጫ ዕቃ ከመግዛታቸው በፊት የትኛው እንደሚሸፈን ከወረዳቸው የመድን ጽሕፈት ቤት ያጣሩ፤ ለገዙትም ሕጋዊ ደረሰኝ ይያዙ። የአካባቢው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ስለታካሚው እንድታውቅ ይደረግ።

ታካሚው ተሽሎታል፣ በአፍንጫውም ይተነፍሳል በሚል ቱቦውን በቤት ውስጥ ማውጣት የተከለከለ ነው። ቀዳዳው በአጭር ጊዜ ውስጥ መጥበብ ስለሚጀምር ሐሳብ ቀይሮ መመለስ ላይቻል ይችላል። ቱቦው የሚወጣው የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም የላይኛውን የአየር መንገድ መርምሮ ሲወስን፣ ታካሚውም በሆስፒታል ክትትል እየተደረገለት ነው።